የተጋደመው ሰባት ክብ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ኩራሞቺ ግን የወጋበትን ቀን አልረሳውም፤ እንዲያውም ቀልድ አድርጎት ኖረ። በሳካታ ወደብ ከዓሣ ጨረታው ጀርባ፣ ፎቅ ላይ ባለችው የእትዬ ሴቱ የማጃንግ መጫወቻ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና፣ "እኔ እንደ ፀጉር ቆራጩ አይደለሁም፤ የጣልኩትን ጠጠር አልረሳም" ይላል። ሰዉ ይስቅለታል። የፀጉር ቆራጩ ልጅ ኪኑዮም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትስቃለች። ዓመት ሙሉ ጥርሷን እያሳየች፣ በሆዷ ግን ቂም ቋጥራ አብራው ሳቀች።

ኩራሞቺ የጣሪያ ሸክላ ነጋዴ ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ቢሆንም የመንገዱ ነጋዴዎች ማኅበር መሪነትን ለማንም አለቀቀም። ሁሉም ሰው "ሊቀመንበር" ነው የሚለው። ሚስቱም እንዲሁ ትጠራዋለች እየተባለ ይታማል፤ እውነትም ሳይሆን አይቀርም።

የማጃንግ ሕግ ብዙ ነው፤ ለዚህ ታሪክ ግን አንዱ ይበቃል። አራት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። እያንዳንዱ በተራው አንድ ጠጠር ያነሳል፣ የማይፈልገውን ደግሞ ከፊቱ በረድፍ ይጥላል። የጎደለችህን ጠጠር ሌላው ሲጥላት "ሮን!" ብለህ ታሸንፋለህ። ያችን ጠጠር ቀደም ብለህ ራስህ ጥለሃት ከሆነ ግን ከሰው እጅ አትቀበላትም፤ በገዛ እጅህ ካላነሳሃት ቀረችብህ። ይህን ፉሪተን ይሉታል። ፉሪተን ሆኖ "ሮን" ያለ ሰው ይቀጣል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ውርደቱ ይብሳል። እጁ የሠራውን አእምሮው የማያውቅ ሰው ይባላል።

የኪኑዮ አባት ቶኩሳቡሮ ይህ ነው የደረሰበት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ቤት፣ የጸደይ ዋንጫ በሚለይበት ጨዋታ ኩራሞቺ ሦስት ቀርከሃ የተሳለበትን ጠጠር ጣለ። ቶኩሳቡሮ "ሮን!" አለ። ኩራሞቺም በጣቱ ወደ ቶኩሳቡሮ ረድፍ አመለከተ። እዚያ፣ በገዛ ረድፉ መሃል፣ አንድ ሦስት ቀርከሃ ተቀምጧል። ቶኩሳቡሮ ጠጠሩን ደጋግሞ አየው። መጣሉን አላስታወሰምና "ይህ የእኔ አይደለም" አለ፤ ኩራሞቺ ግን የተቀመጠ ጠጠር ሰው ሳያይ አይነካም አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሰውዬው በሳቁ አልተጎዳም። የጎዳው ማመኑ ነው። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ሲላጭ ምላጩ ጉሮሮ ላይ እንዳለ እጁ ቆመ። "የጣለውን የማያውቅ እጅ በሰው አንገት ላይ ምን ይሠራል?" አለና ሱቁን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ኖረ። ጠዋት የበላውን ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ማታ ወረቀቱን ሳያይ ለማስታወስ ይሞክራል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ቢሆንም ራሱን ሳያምን ሞተ።

ካቻምና መኸር፣ ያኔ አብሯቸው የተጫወተው የኩራሞቺ ሚስት ወንድም፣ ሆስፒታል ሊሞት ሲል ኪኑዮን አስጠራት። ዝም አይነቅዝም ብሎ ሃያ አምስት ዓመት ያህል የያዘውን ነገር በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሰው። "ኩራሞቺ ከአባትሽ ረድፍ አንዱን ጠጠር አንስቶ በምትኩ ሦስት ቀርከሃ አስቀመጠ። እኔ አየሁ። የእህቴ ባል ነው ብዬ ዝም አልኩ።" ኪኑዮ ይቅርታም አላደረገችለት፣ አልረገመችውም። በሚቀጥለው እሑድ ወደ እትዬ ሴቱ ቤት ወጣችና ወንበር ሳበች።

ማታለል አልፈለገችም። ብታታልል ከእሱ በምን ትሻላለች? በሕጉ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አባቷ የገባበት ጉድጓድ እንዲገባ ነው የፈለገችው። ኩራሞቺ የራሱን ረድፍ እንደ ሱቁ መስኮት ይጠብቃል። የጣለው ጠጠር በሌላ ተጫዋች ተወስዶ ከፊቱ ሲነሳ ግን ከልቡም ይነሳል። ይህን ስታውቅ በጋ ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ እስከ ጸደይ ጠበቀች።

የዋንጫው ቀን ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ያንቀጫቅጨው ነበር። በመጨረሻው ጠረጴዛ ኪኑዮ፣ ከፊት ለፊቷ ኩራሞቺ፣ በግራና በቀኝ ጡረተኛው ፖስተኛ ኦኩቦና የቤቱ ባለቤት እትዬ ሴቱ ተቀመጡ። ተመልካቹ ከኋላ ቆሟል።

"ኪኑ፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ከንፈርሽን ቀይ ተቀባሽ?" አለ ኦኩቦ። "ሊቀመንበርን ልታማልዪ ነው?"

"ለቀብር ነው" አለች።

"የማን?"

"ገና አልሞተም።"

ኦኩቦ ሳቀ። ኩራሞቺም ሳቀ። "አይዞሽ፣ አባትሽ በመርሳት ዋንጫ አጣ፤ አንቺ ቢያንስ በወጉ ትሸነፊያለሽ።"

ጨዋታው በተጀመረ በሁለተኛው ዙር ኩራሞቺ ሰባት ክብ የተሳለበትን ጠጠር ጣለ። ኪኑዮ እጅ ላይ ሁለት ሰባት ክብ ነበሯት። ሁለት ተመሳሳይ የያዘ ሰው ሦስተኛዋ ስትጣል መውሰድ ይችላል፤ "ፖን!" አለችና ጠጠሩን ከፊቱ ወሰደችው። የሰው ጠጠር ሲወሰድ ከማን እንደመጣ እንዲታወቅ ይጋደማል፤ ከፊት ለፊት ከመጣ የመሃሉ ነው የሚጋደመው። ሦስቱን ሰባት ክብ በጠረጴዛው ጠርዝ ደረደረች፣ የመሃሉን አጋደመች።

"ምን ልታደርጊበት ነው?" አለች እትዬ ሴቱ። "እጅሽን አበላሸሽው እኮ።"

"መጥፎ ልማድ ነው እትዬ።"

ከአሥር ዙር በኋላ ኩራሞቺ አንድ ጠጠር ብቻ እንደቀረው ለማወጅ "ሪች!" ብሎ የመወራረጃውን እንጨት መሃል ላይ ወረወረ። ክብ ጠጠሮቹን ሁልጊዜ በቀኝ ጫፍ ነው የሚይዛቸው፤ ዐይኑም እዚያው ላይ ተተክሏል። ኪኑዮ ተራዋ ደርሶ ጠጠር አነሳች። አራተኛው ሰባት ክብ ነበር። ባይጠብቀው ምንም አትጎዳም፤ ቢጠብቀውም፣ የተወሰደ ጠጠርም እንደ ተጣለ ስለሚቆጠር፣ በሕጉ ከእሷ ሊቀበለው አይችልም። ከጠረጴዛው ጠጠር ሁሉ ለእሷ ከዚህ የበለጠ ደኅና አልነበረም። ቀስ አድርጋ ረድፏ ላይ አኖረችው።

"ሮን!" ኩራሞቺ ጠረጴዛውን መታ። የያዛቸውን ጠጠሮች ዘረጋ፤ አምስትና ስድስት ክብ ይዞ አራት ወይም ሰባት ሲጠብቅ ኖሯል። "በቃ፣ አለቀ! ዋንጫውን አምጪው ሴቱ!"

ሰዉ አጨበጨበ። ኪኑዮ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

"ሊቀመንበር፣ ሰባት ክብ ጥለዋል።"

"ምን?"

"ፉሪተን ነዎት።"

"የት አለ? ረድፌን እዪው! እኔ የጣልኩትን..."

"እዚህ ነው ያለው" አለች፣ የተጋደመውን የመሃል ጠጠር በጥፍሯ እየነካች። "ከፊት ለፊቴ የመጣ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት።"

ኩራሞቺ ጠጠሩን አየው፣ ረድፉን አየ፣ እንደገና ጠጠሩን አየው። ጆሮው ቀላ። "ውሸት ነው። ከኦኩቦ ነው የወሰድሽው፤ ኋላ ነው መሃሉን ያጋደምሽው! ይህቺ ሴት አታላይ ናት!"

"የተቀመጠን ጠጠር ሰው ሳያይ መነካካት ይቻላል እንዴ?" አለች ኪኑዮ። ድምፅዋን አላነሳችም። "አባቴ ያኔ 'ይህ የእኔ አይደለም' ሲል፣ አይቻልም ያሉት እርስዎ አልነበሩም?"

"ለምን አይቻልም! ሲጃራ ለመለኮስ ዞር እስኪል ነው የሚፈጀው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኩራሞቺ አፉን ዘጋ፤ ግን ማን ይመልሰው።

"ሲጃራ?" አለ ኦኩቦ። "እዚህ ቤት ሲጃራ ከተከለከለ አሥር ዓመት አለፈው። ማን ነው ሲጃራ የለኮሰው?"

እትዬ ሴቱ እጆቿን ከጠረጴዛው አነሳች። "ቶኩሳቡሮ ነው" አለች። "ክብሪቱ እርጥብ ሆኖበት ወደ ምድጃው ዞረ። ያንን እርጥብ ክብሪት ያቀበልኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'እርስዎ' ስትለው የኖረችውን ሰው አየችውና፣ "አንተ ነህ?" አለችው። "አንተ ነህ ያስቀመጥከው?"

ከኋላ የቆሙት፣ ያኔም እዚያው ቆመው የሳቁት ሽማግሌዎች፣ ወለሉን ማየት ጀመሩ።

"ሊቀመንበር፣" አለ ኦኩቦ፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት፣ "ሰባት ክቡን ግን እርስዎ ነዎት የጣሉት። ሁለተኛው ዙር ላይ። እኔ አይቻለሁ፤ ሴቱም አይታለች።"

ኩራሞቺን ይህኛው ነው የመታው። ያጭበረበረውን ነገር ሊያስተባብለው፣ ሊስቅበት፣ ቀልድ ነበር ሊለው ይችላል። ይህን ግን ምን ይበለው? ሁለተኛውን ዙር በአእምሮው ፈለገው፣ አላገኘውም። ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ኪኑዮ ታውቀዋለች። አራት ዓመት በእራት ሰዓት አባቷ ፊት ላይ አይታዋለች።

"ይብቃን" አለች እትዬ ሴቱ። "ጨዋታው ይቁም።"

"ለምን?" አለች ኪኑዮ። "ቅጣቱን ይስጡና ጠጠሩ እንደገና ይደልደል። ሕጉ እንደዚያ ነው። አባቴም ያን ቀን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ተጫውቷል።"

ማንም ሊከለክላት አልደፈረም። ኩራሞቺም ተነስቶ ቢሄድ ማመኑ ነውና ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ተጫወቱ። ጠጠር በጣለ ቁጥር ጣቱ አየር ላይ ይቆማል፤ ረድፉን ይቆጥራል፣ የሌሎቹን ጠርዝ ይቃኛል። ኋላ ላይ መጠየቅ ጀመረ። "ሁለት ቀርከሃ ጥያለሁ እንዴ?" ኦኩቦ ቀጣዩን ጠጠር አነሳ። ኪኑዮ ደስ አላት። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ሙሉ ሰውነቷን ሞቃት፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ዋንጫውን ኦኩቦ በላ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጨንቆት ወንበር ሥር አኖረው።

ኩራሞቺ ካፖርቱን ለብሶ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመ። ሌላው ሰው ቀድሞት ወርዷል። ወደ ኪኑዮ ዞረ።

"አባትሽን በተመለከተ..." አለና ተወው። ቀጥሎ የመጣው ቃል ሌላ ነበር፣ ድምፁም የሊቀመንበር አልነበረም። "እውነቱን ንገሪኝ። እውነት እኔ ነኝ የጣልኩት? ምንም አላስታውስም እኮ።"

መልሱን ታውቀዋለች። የተወሰደ ጠጠር ከዐይን ስለሚርቅ ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳም ይረሳዋል፣ እሷም በበጋው ሁለቴ ረስታ ተቀጥታበታለች። የእርጅና ነገር አይደለም። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብትለው ዛሬ ተኝቶ ያድራል። አባቷም አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር የጎደለው፤ ይህ ሰው በየቀኑ በአባቷ ሱቅ ደጃፍ ሲያልፍ ያንን ዐረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ይዞ ነበር የሚያልፈው።

ዝቅ ብላ እጅ ነሳችው፣ ለአዛውንት እንደሚገባ።

"ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ሊቀመንበር" አለችው። "ቤትዎን ያገኙታል? ወይስ ሰው ይሸኝዎት?"

ኩራሞቺ የደረጃውን መደገፊያ እየያዘ ወረደ። ኪኑዮ ወደ መስኮቱ ሄዳ አየችው። ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበት መንገድ ላይ ወጥቶ፣ ነፋሱ ካፖርቱን እያራገበው፣ መጀመሪያ ወደ ግራ አየ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ከዚያ ደግሞ ወደ ግራ።