ጳጉሜን የማያውቅ ካሜራ

ሦስቱ ካሜራዎች በፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ተደርድረው፣ ተራቸውን እንደሚጠብቁ የጳውሎስ ሆስፒታል በሽተኞች ዝም ብለዋል። ዮፍታሔ ሄልሜቱን በክንዱ አንጠልጥሎ አንድ በአንድ ያገላብጣቸዋል። ፊቱ ተኮሳትሯል። ካሜራዎቹ ግን ምንም አላደረጉትም፤ የተናደደው በሽሮ ሜዳ፣ በሸጎሌና በመካከላቸው ባለው ሰው ሁሉ ነበር።

በሞተር ዕቃ እያደረሰ የሚያድር ሰው ነው። ዕረፍት ሲያገኝ ከከተማ ይወጣል፤ ሲመለስ ያወራል። ዓባይ በረሃ ላይ አንድ ዝንጀሮ ሄልሜቱን ነጥቆ፣ አጥልቆ፣ መሀል መንገድ ቆሞ ለከባድ መኪናዎች ቅድሚያ ሲሰጥ እንደነበር ለሸጎሌው ጎሚስታ ለጉታ ነግሮታል። ጉታ ሁለት ማኪያቶ ጋበዘው። ሌላ ጊዜ ከአንበሳ ጋር የተነሣውን ፎቶ ለሰፈሩ አሳየ። በስልኩ ያቀናበረው ራሱ ነበር፤ አንድ አስተዋይ የአንበሳውን እግሮች ቆጥሮ አምስት እስኪያገኝ ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም። ያ ሁሉ ታምኖለታል። ያልታመነለት እውነቱ ብቻ ነው።

እውነቱም ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎሃ ጽዮን መውጫ ላይ፣ አንድ በረንዳ ሥር፣ የሽሮ ሜዳዋን ቀሚስ ሻጭ የብርቅነሽን ባል ሾዴን አየው። ሾዴ ነጠላ ሸጬ ልመለስ ብሎ ከሽሮ ሜዳ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን እንደ ድሮው በግራ እጁ ይወረውር ነበር። ዮፍታሔ በስሙ ጠራው። ሰውየው ቀና አለ፤ ወዲያው አቀረቀረ፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። ዮፍታሔ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አጣ። ስልኩ ጠዋት ከመሪው ላይ ወድቆ እንደ ሸክላ ተሰብሯል፤ ፎቶ ማንሻ የለውም። ወሬውን ብቻ ይዞ በረረ።

ብርቅነሽ የምታጣጥፈውን የሐበሻ ቀሚስ ሳታስቀምጥ ሰማችው።

«በሾዴ አትቀልድ» አለችው። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ሸማኔዎቹ ከኋላዋ ዝንጀሮውስ ደኅና ነው ወይ እያሉ ሳቁ። ጉታም ሰምቶ ኖሮ፣ በሰው ሐዘን ለሚጫወት ጎማ አልነፋም ብሎ መለሰው። ለዝንጀሮ ማኪያቶ የሚጋብዝ ሰው! ዮፍታሔን ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌሊት ሌሊት የሚመጣበት ጥያቄ ነው፤ ያ ግራ እጅ በእርግጥ ግራ ነበር ወይስ ሲያወራ የጨመረው?

የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ሰርኬ ናቸው። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ሠላሳ ዓመት የበሽተኛና የተማሪ ጉርድ ፎቶ አንሥተዋል። ዮፍታሔ ነገ በሞተር እንደሚወጣ፣ ለደረት ኪስ የምትሆን ትንሽ ካሜራ እንደሚፈልግ አስረዳቸው። የመጀመሪያው እንደ ኤሊ አንገቱን አውጥቶ ሩቅ ያለውን ጎትቶ ያመጣል፤ ግን አንገቱ ውስጥ አቧራ ከገባ አበቃለት። ሁለተኛው ሁሉ ነገሩ በመነካካት ነው፤ በጓንት አይታዘዝም። ሦስተኛው ጎማ የለበሰ ድንክ ነገር ነው። ቢወድቅ፣ ቢረጥብ፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢያርገፈግፈው ግድ የለውም፤ ሩቅ ግን አያይም።

ዮፍታሔ አንገታሙን አነሣ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ ሾዴ ሳያውቅ ቀጭ ማድረግ ነው የፈለገው። ይህንንም ነገራቸው፤ ሳያስበው የብርቅነሽንም ነገር፣ የጉታንም ነገር ነገራቸው። ወይዘሮ ሰርኬ ሰምተው ጎማ የለበሰውን ወደሱ ገፉት።

«ይሄ ሁለት እርምጃ ካልቀረብክ አይሠራልህም» አሉት። «እኔ ቀና በል ሳልል ያነሣሁት ሰው የለም።»

ሊከራከር ሲል ያቀረቀረው ሾዴ ትዝ አለው። ድንኩን ወሰደ።

የቀረው ቀኑን መሙላት ነበር። እንዲያውም ካሜራ ያስፈለገው ለዚሁ ነው፤ ከፎቶው ጥግ ላይ ቀን ታትሞ ሲያዩ ምን ሊሉ ነው? ዕለቱ ጳጉሜ ሦስት ነውና፣ ሦስት ብሎ ቀኑን ሞላ። ወሩን አሥራ ሦስት ሊያደርገው ቁልፉን ተጫነ። አሥራ ሁለት ላይ ደርሶ ወደ አንድ ተመለሰ። ደገመው። አሁንም አንድ።

«ጳጉሜን አያውቅም» አለ፣ ጆሮው እየቀላ።

ወይዘሮ ሰርኬ በፈረንጆቹ ስምንት፣ ዘጠኝ ብሎ እንዲሞላ ነገሩት። ዮፍታሔ ግን ጉታ ምን እንደሚል ከወዲሁ ሰማው። ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነው፤ ግንቦት ላይ ያነሣኸውን ነው እንዴ ያመጣህልን ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ዋሽቶ አንድ ቀን እውነት ቢይዝ፣ ማሽኑ ራሱ ያለበትን ቀን የለም አለው! እየተነጫነጨ ስምንት፣ ዘጠኝ ብሎ ሞላና ወጣ።

ሽሮ ሜዳ ሲደርስ የሩፋኤል ዝናብ ጀምሯል። ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይዘላሉ። የበዓል ገበያተኛ በየሱቁ መጠለያ ሥር ተጠጋግቷል። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ ነው የመጣው፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ሸማኔዎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ። ብርቅነሽን ከተሰቀሉት ቀሚሶች መሀል ሲያያት ግን ንግግሩ ጠፋበት። ነገ ወደዚያው እንደሚሄድና ቀን የታተመበት ፎቶ ይዞ እንደሚመጣ ብቻ ነገራት።

ብርቅነሽ እጁ ላይ ያለውን ጥቁር ድንክ አየች። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

«እኔንም አንሣኝ» አለችው።

«አንቺን ደግሞ ለምን?»

«ትጠብቅሃለች ስትለው እሱም ውሸታም ይልሃል።»

ሻሿን አስተካክላ የሱቁ በር ላይ ቆመች፤ ከዚያ አቀረቀረች። ዮፍታሔ ሁለት እርምጃ ቀረበ። ጓንቱ ርሷል፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ዝግጁ ነው። ጠበቀ።

«ቀና በይ» አላት።

ቀና አለች፤ አነሣት። በካሜራው መስኮት ላይ ፊቷ ወጣ፤ ከጥጉም ቁጥሮቹ።

«ቀኑን ጻፈው?» አለች፣ ዓይኗን ከዝናቡ ሳትነቅል።

«ጽፎታል።»

«ምን ይላል?»

ዮፍታሔ ጥጉን አየ። ስምንት፣ ዘጠኝ።

«ጳጉሜ ሦስት ይላል» አላት።

«እሺ» አለች። አመነችው።