ለአንዲት መኪና ሁለት ደብዳቤ

ሁለቱ ደብዳቤዎች የመጡት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ማህተም ነው። የግቢው ዘበኛ በሬን አንኳኩቶ "እትዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፤ እዚህም ጋ ደግሞ" ብሎ ሁለት ጊዜ አስፈረመኝ። ስሰፋው የነበረው ቀሚስ ጠርዙ ገና አልታጠፈም። መርፌውን ደረቴ ላይ ሰክቼ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩ።

አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ሰባት ቁጥር ማቆሚያ ላይ ያለችው አሮጌ ነጭ መኪና ከሠላሳ ቀን በላይ ስላልተንቀሳቀሰች፣ በነዋሪዎች ማህበር ደንብ አንቀጽ አሥራ ሁለት መሠረት በአሥር ቀን ውስጥ ከግቢው ትውጣ። ይሁን። አናደደኝ እንጂ ገብቶኛል። ሁለተኛው ደግሞ፦ ሰባት ቁጥር ማቆሚያ ላይ ያለችው አሮጌ ነጭ መኪና የዓመቱን ምርመራ ሳታልፍ በግቢው ውስጥ በየቀኑ ስለምትንቀሳቀስ፣ በአንቀጽ አሥራ አምስት መሠረት በአሥር ቀን ውስጥ ከግቢው ትውጣ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ አየሁ። ታርጋው የኛው ነው፣ ቀለሙም የኛው። አንዲት መኪና ሠላሳ ቀን ሙሉ ቆማ በየቀኑ የምትሄደው በምን ጥበብ ነው? ባትሪዋ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አነበብኩ፤ ያው ነው። ግራ ገባኝ ማለት ትንሽ ነው፣ ቀኝም ገባኝ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። አባቴ አርባ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ መጀመሪያ ቀኑን ረሳ፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ መጨረሻ ላይ እኔን። ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ምሳ ሳቀርብለት በሰው ቤት እንዳለ እንግዳ ተነስቶ ያመሰግነኛል። መኪናዋ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ቁርስ እስካዘጋጅ ጨርቁን ይዞ ይወርድና ይወለውላታል። ከዚያ መሪዋን ይይዛል። እኔም የልብስ ስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እወርድና አጠገቡ እቀመጣለሁ። ለሱ ተሳፋሪ ነኝ።

"እህቴ፣ ቶሎ ነው የማደርስሽ" ይለኛል። "ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለብኝ።"

ከዚያ ስለ ልጁ ያወራል። ልጁ ግራኝ ናት፤ በዚህ የተነሳ አስተማሪዋ ትቆጣታለች፣ እሱ ደግሞ አስተማሪዋን ሄዶ ተቆጥቷል። ልጁ የናቷን መጋረጃ ቆርጣ ለአሻንጉሊቷ ካፖርት ሰፍታለች፤ ተገርፋ ስታበቃ ካፖርቱን ሲያየው ልኩ ልክክ ያለ ነው። ይሄን ሲናገር ይስቃል። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። አባቴ እኔን የሚያውቀኝ እዚያች መኪና ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም ተሳፋሪ ሆኜ በሰማሁት ልክ። መኪናዋን ከግቢ አስወጡ ማለት እኔን ካባቴ ራስ ውስጥ አስወጡ ማለት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤዎቹን እያወዛወዝኩ የማህበሩ ሊቀመንበር በር ላይ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ቤታቸው ውስጥም ክራቫት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ማህተሙን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይዘውት ነው የሚዞሩት፤ አብሯቸው ይተኛል ብለው የሚያሙም አሉ።

"ጋሼ፣ የትኛው ነው ስህተቱ?" አልኳቸው።

ሁለቱንም ቀስ ብለው አነበቡ። "ስህተት የለም፣ ወይዘሮ። አንደኛው በበር መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ነው። መኪናዋ ከበሩ ወጥታ አታውቅም። ሁለተኛው በዘበኛው የቀን ቁጥጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። በየቀኑ ትንቀሳቀሳለች።"

"ታዲያ ቆማለች ወይስ ትሄዳለች?"

"ሁለቱም መዝገብ ላይ አለ።"

"እኔ የምጠይቀው እውነቱን ነው።"

"እሱን እንግዲህ" አሉ፣ እንደ ማዘን ብለው፣ "እውነቱን መዝገቡ ነው የሚያውቀው።"

ቱግ አልኩ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሁለቱም ባላ ለኔ መስቀያ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ይታያል ብለው በትህትና በሩን ዘጉት።

ደረጃውን ስወጣ ግን ንዴቴ በረደና ሌላ ነገር መጣብኝ። በየቀኑ ረፋድ ላይ የተሰፋ ልብስ ላደርስ አንድ ሰዓት ያህል እወጣለሁ። ያኔ አባቴ መኪናዋ ውስጥ ብቻውን ነው። ባትሪዋ ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ስለ መኪና የማውቀው በሯ እንዴት እንደሚከፈት ብቻ ነው። አርባ ዓመት የነዳ ሰው የሞተ መኪና ማስነሳት ያቅተዋል? የግቢው ቁልቁለት ላይ ለቀቅ አድርጎ ቢያስነሳትስ? የጎረቤት ልጆች የሚጫወቱት እዚያው ማቆሚያው ዳር ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ በሩን ከፈትኩለትና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ጨርቁን ይዞ እንደወትሮው ዞር ዞር ብሎ ወለወለ፤ ገብቶ ተቀመጠ፤ እጁን ወደ ቁልፉ ቦታ ሰደደ። ባዶ ነው። ወደኔ አላየም፣ አልጠየቀኝምም። እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ዝም አለ። አጠገቡ ሆኜ "ልጅዎ ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?" አልኩት፤ መልስ የለም። ሦስት ቀን እንደዚያው አለፈ። መኪናዋን ላድን ብዬ ቁልፉን ብወስድ ወሬውን ወሰድኩበት። ከድጡ ወደ ማጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ሕንፃው ምድር ቤት፣ የውኃ ታንከሮቹ አጠገብ ተደረገ። ወንበር ያልያዘ ቆመ። ሊቀመንበሩ ሁለቱን አንቀጾች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ "ትሄዳለች ነው ያሉት?" ሲል ሌላው "የለም፣ ቆማለች ነው" ይለዋል፤ ሦስተኛው "ሁለት መኪና ነው እንዴ ያላቸው?" ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው አናጢ መጨረሻ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ዘበኛው አለ አይደል? እሱን ጠይቁታ። ስትሄድ በዓይንህ አይተሃታል?"

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። "ስትሄድ አላየሁም። ግን ትሄዳለች።"

"እንዴት አወቅክ?"

ዘበኛው ከኪሱ ነጭ ጠመኔ አወጣ። "ቀደም ሲል የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበርኩ፤ እዚያ የለመድኩት ነው። ሥራዬን ስጨርስ ጎማው ላይና መሬቱ ላይ አያይዤ አንድ መስመር አሰምራለሁ። በማግስቱ መስመሩ ከገጠመ መኪናው አልተነቃነቀም። የሌላው መኪና አንዳንድ ቀን ይገጥማል፣ አንዳንድ ቀን አይገጥምም። የእትዬ ግን ወር ሙሉ አንድም ቀን ገጥሞ አያውቅም። መሬቱ ላይ ያለው አለ፣ ጎማው ላይ ያለው የለም። ጎማው ካልዞረ መስመሩ የት ይገባል?"

እኔ ሳቅ አፈነኝ። ማቆም አልቻልኩም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባቴ በሕይወቱ ሙሉ ጎማ ሳይወለውል መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሹፌር በጎማው ይታወቃል ይል ነበር። ወር ሙሉ ሰውዬው ያሰምራል፣ አባቴ ይጠርጋል። እኔ ደግሞ በዚህ የተነሳ ቁልፍ ነጥቄው ሦስት ቀን አፉን ዘግቻለሁ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝና በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግኩ።

ነገሩን ስነግራቸው ዘበኛው ጠመኔውን አይቶ አይቶ ኪሱ መለሰው። ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቁም።

"እንግዲያው አንቀጽ አሥራ አምስት ተነስቷል" አሉ። "መኪናዋ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ በአንቀጽ አሥራ ሁለት መሠረት ትወጣለች።"

ሳቁ ቆመ። ያን ጊዜ ስለ አባቴ ተናገርኩ። ስለ ተሳፋሪዋና ስለ ልጅቷ፣ ሳልደብቅ። ሊቀመንበሩ ክራቫታቸውን ነካክተው "አዝናለሁ፣ ግን ደንቡ..." ሲሉ አናጢው አቋረጣቸው።

"ደንቡ ምንድን ነው የሚለው? 'ያልተንቀሳቀሰ' ነው አይደል? በሞተር ይላል?"

ሊቀመንበሩ ደንቡን አንስተው አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩት። እንደገና አነበቡት። "በሞተር አይልም" አሉ በመጨረሻ፤ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር፣ ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳለ አድርገው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። "ባለንብረቱ ይዟት፣ ኮሚቴው ባለበት ከቦታ ቦታ ከተንቀሳቀሰች፣ ተንቀሳቅሳለች።"

እሁድ ጠዋት አናጢው፣ ዘበኛውና ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ ቆሙ። ሊቀመንበሩ ደንቡን ይዘው ባዶው ሦስት ቁጥር ማቆሚያ አጠገብ ይጠብቃሉ። ቁልፉን ለአባቴ መለስኩለትና ለጥንቃቄ የእጅ ፍሬኑን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ገፉ። መኪናዋ ሲጥጥ አለችና ተነቃነቀች። አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ መስተዋቱን አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ ሁለት የቆሙ መኪኖች መሃል በአንድ ዙር አስገብቶ መስመሩ ላይ አቆማት። ፍሬኑ አላስፈለገኝም። አናጢው "አቤት እጅ" አለ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ አንገቴ ድረስ ሞላ።

አባቴ ወረደ። አንዴ ዞራት፤ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ፣ ክራቫትና ወረቀት ወደያዙት ሰው ሄደና ቁልፉን ዘረጋላቸው።

"የኋላ ግራው ጎማ ነፋስ ይፈልጋል። ሌላው ደህና ነው። ይረከቡኝ።"

ሊቀመንበሩ ቁልፉን ተቀብለው ወደኔ አዩ። እኔም ወደሳቸው። የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሥራውን ሲጨርስ መኪናውን ለኃላፊ ያስረክባል፤ ሳይፈረምለት አይሄድም። እኔ ይሄን ማወቅ ነበረብኝ፤ ግን ገና ደስታዬ ላይ ነበርኩ።

"ይፈርሙልኝ" አለ አባቴ።

ሊቀመንበሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ እምቢ ብለው አያውቁም። የደንቡ ጀርባ ላይ 'አንድ ነጭ መኪና ከነቁልፉ ተረክቤያለሁ' ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማህተም መቱበት። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ ቤት ገባ። ሰው አጨበጨበልኝ። አሸንፈናል ተባልኩ።

ሰኞ ጨርቁን አላነሳም። ማክሰኞም። ሊቀመንበሩ የመለሱልኝን ቁልፍ ሳሳየው "አስረክቤያለሁ እኮ" ብሎ ወረቀቱን አወጣልኝ። ደህና ይበላል፤ ደህና ይተኛል። ሰዓት ረፈደብኝ ብሎ አይጨነቅም። እኔ ግን በገዛ እጄ ጉዞውን አስጨረስኩት፤ ለመኪናዋ ስከራከር የተከራከርኩለትን ነገር ከነማህተሙ ሰጥቼ መጣሁ። ማንን እንደምቆጣ እንኳን አላውቅም።

ረቡዕ ምሳ ላይ አላስቻለኝም። "ልጅ ነበረችህ አይደል?" አልኩት።

አሰበ። ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋ፤ በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች አነበበው። "እዚህ ላይ ስለ ልጅ የተጻፈ የለም፣ እህቴ" አለኝ።

ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ በነጠላ ጫማዬ ወረድኩና የሊቀመንበሩን በር አንኳኳሁ። ምን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። እዚያው በሩ ላይ ቆመው 'አንድ ነጭ መኪና' ከሚለው መስመር ሥር 'አንዲት ሴት ልጅ' ብለው በዚያ በተስተካከለ የመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው ጨመሩ፤ ማህተሙንም ከኪሳቸው አውጥተው መቱበት።

አባቴ እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበ። ማህተሙ ላይ ሲደርስ ቆየ።

"ታዲያ ልጅቷ የታለች?"

"እዚሁ ናት። እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

እኔን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው መልሶ እኔን አየ። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አድርጎ ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈ።

"ፈርሚ" አለኝ።

በግራ እጄ ፈረምኩ።