ያለ ሞት የተነፋ ጥሩምባ

በወለንጪቲ የእኛ ዕድር ሕጉ ብዙ ነው፤ ትንሹም ትልቁም በቃሉ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው። ያለ ሞት ጥሩምባ የነፋ፣ ጥሩምባውን ይነጠቃል።

ጋሽ ወዬሳ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጥሩምባው ከአባታቸው የደረሳቸው ነው፤ ሌላ ሹመት አልነበራቸውም፣ አልፈለጉምም። ታዲያ በኮሮናው ዘመን፣ የክትባቱ ዘመቻ በሚያበቃበት ቀን፣ ነርስ ኤቢሴ ማልዳ መጣችባቸው።

"ጋሼ፣ ሰሞኑን በድምፅ ማጉያ ስለፈልፍ ከረምኩ። የመጣልኝ አንድ ሰካራም ነው፤ እሱም መርፌውን ሲያይ ስካሩ ለቀቀው። ማታ መኪናው መድኃኒቱን ወደ አዳማ ይመልሰዋል።"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?"

"እርስዎ ሲጠሩ የሚቀር የለም።"

ጋሽ ወዬሳ የተሰቀለውን ጥሩምባ ቀና ብለው አዩት። በዚያ ክረምት ጥሩምባው ከአፋቸው አልወረደም ነበር፤ የነፉለት ሁሉ የሚያውቁት ሰው ነው። አማተቡና ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረዱ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ክትባቱ የሚሰጠው በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ነበርና ማንም አልተጠራጠረም፤ እየገቡ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እትዬ ሸዋወርቅ የኤቢሴን እጅ ያዙ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማንን አጣሽ?"

"ማንንም አላጣሁም፣ እትዬ። ለክትባት ነው።"

እትዬ ሸዋወርቅ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። "ድንጋጤ ላይ ናት። ገና አልገባትም።"

ነገሩ ሲገባቸው ድንኳኑ ተንጫጫ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ሰይፈሚካኤል በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

"ወዬሳ፣ ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም።"

"እንግዲያ ሕጉን ታውቀዋለህ። ጥሩምባውን ወዲህ በል።"

ጋሽ ወዬሳ ጥሩምባውን ኮታቸው ውስጥ ሸሸጉት። "ሰው ሳይናገር ፍርድ የለም።"

ልክ ናቸው። እኛ ዘንድ ዳኛ ከመፍረዱ በፊት የፈለገ ሁሉ ይናገራል፤ ያልፈለገም ይናገራል። ተናጋሪ ደግሞ ለሁሉም እንዲታይ ፊት ወጥቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በዚያን ቀን ፊት ያለችው ወንበር ኤቢሴ አጠገብ ያለችው ብቻ ነበረች።

እትዬ ሸዋወርቅ ቀድመው ተቀመጡባት። "ልቤ ልትወጣ ነበር። ሽሮዬን እሳት ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት።"

"እየተናገሩ ልውጋዎት፣ እትዬ?"

"ውጊኝ። ብቻ ነገሬን አታቋርጪብኝ።"

ጋሪ ነጂው ማናሴ፣ "ይነጠቅ!" ብሎ ተወጋ። ሰንበታ፣ "ሽማግሌ ናቸው፣ ይማሩ" ብላ ተወጋች። ማናሴ መልስ ልስጥ ብሎ ተመልሶ ሲቀመጥ ኤቢሴ፣ "አንተ ጨርሰሃል፣ ለሌላ ልቀቅ" ብላ አስነሣችው። ጸቡ በጋለ ቁጥር ብልቃጦቹ ባዶ እየሆኑ ሄዱ። በመጨረሻ የአንድ ሰው ክትባት ቀረ። ያልተወጉትም ዳኛው ብቻ ነበሩ።

"መጀመሪያ ልፍረድ" አሉ።

"እኛ ተወግተን ነው የተናገርነው" አለ ማናሴ። "እርስዎም ተወግተው ይፍረዱ።"

አቶ ሰይፈሚካኤል ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ መርፌዋን አዩ። ገና ሳትነካቸው ከነከዘራቸው ተዘረሩ።

እትዬ ሸዋወርቅ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ስለነበር ጊዜ አላጠፉም። "ወየው ሰይፌ፣ ወየው ዳኛችን!" ብለው ለቀቁት። ድንኳኑም ተቀበላቸው። ከጠዋት ጀምሮ ታምቆ የቆየ ለቅሶ ነውና አወጣጡ ያምር ነበር። ሰንበታ የዳኛውን ደግነት መዘርዘር ያዘች፤ ማናሴ እንኳ ዓይኑን እየጠረገ፣ "መቼም አድልተው አያውቁም ነበር" አለ።

ኤቢሴ ውሃ ረጨቻቸው። ዳኛው ዓይናቸውን ገለጡ፤ ጥቂት አዳመጡ።

"ማን ነው የሞተው?"

"እርስዎ ነዎት" አሉ ጋሽ ወዬሳ በትሕትና።

አቶ ሰይፈሚካኤል በተኙበት ነገሩን አወጡ አወረዱ። ሲነገርላቸው የሰሙትም ሳይጥማቸው አልቀረም።

"እንግዲያ ጥሩምባው ለሞት ነው የተነፋው" አሉ። "ወዬሳ ትንሽ ቸኩሏል እንጂ ሕግ አልጣሰም። ከእጁ አትንኩበት።"

ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙረው ክንዳቸውን ወደ ኤቢሴ ዘረጉ።

"በይ አንቺም በተኛሁበት ጨርሺው። እናንተ ደግሞ ለምን ዝም አላችሁ? መርፌዋ እስክትወጣ ድረስ አልቅሱ።"