ስቱሬ ያፈሰሰው ውሃ

የእህቴን ባል ስቱሬን መናቅ የጀመርኩት ያንን የመኖሪያ መኪና ከመግዛቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። መኪናው ንቀቴን አገዘፈው እንጂ አልፈጠረውም። አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና የቆዳ ወንበር ያለው፣ አውቶቡስ የሚያህል ነገር ነው። በየካቲቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሁለቱም ቤተሰቦች የምትላንድ ወደሚባሉት በረዷማ የስዊድን ተራሮች ወጣን። ገና የመኪኖች ማደሪያው ካምፕ ከመድረሳችን፣ ስቱሬ እኔና ባለቤቴ በመኪናችን የምንጎትተውን አሮጌ ባለጎማ ቤት አየት አደረገና፣

«ጉንቮር፣ ይሄን የዶሮ ቤት እስከዚህ ድረስ ጎተታችሁት?» አለኝ። ብቻውን ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት የበረዶ መንሸራተቻ ስኪያችንን ተሸክመን ልንወጣ ስንል ስቱሬ የመኪናውን ማሞቂያ ዘጋው።

«ሰው በሌለበት ምን ያሞቃል?»

«ሻጩ እኮ እንዳታጠፉት ብሎናል» አለች እህቴ አግኔታ። «መኪናው ከቀዘቀዘ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውሃውን በራሱ ይደፋዋል ብሏል።»

«ሻጭ የማይለው ነገር አለ? አንቺ ይልቅ ዳቦውን መያዝሽን እይ።»

አግኔታ ቦርሳዋን ከፍታ ዳቦውን አየች። እውነትም አየች!

ከሰዓት ስንመለስ የውሃው ጋን ባዶ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ መኪናው ሥር ወርዶ፣ ጎማዎቹን ከቦ፣ ድንጋይ የመሰለ በረዶ ሆኗል። ስቱሬ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጁን ረገጠ፤ መኪናው አጓራ እንጂ ንቅንቅ አላለም። በዚህ መሀል ከጎናችን የሰፈሩት ሽማግሌ፣ አልጎት፣ ባልዲ አንጠልጥለው ብቅ አሉ። ስቱሬ ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«አንተ ሽማግሌ! እጣቢህን እኔ መኪና ሥር ነው የምትደፋው?»

አልጎት ባልዲውን አዘንብለው አሳዩት። አመድ ነበር።

«እንዳትንሸራተቱ ደጃችሁ ላይ ልበትንላችሁ ነበር» አሉና ባልዲያቸውን ይዘው ተመለሱ።

«አባዬ፣ ይቅርታ በላቸው እንጂ!» አለች የስቱሬ ልጅ ቱቫ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

«አንቺ ደግሞ አፍሽን ዝጊ!»

ቀጥሎ ስቱሬ በረዶ አቅልጦ ያፈላውን ውሃ ጎማው ላይ ቸለሰበት። ውሃውም ወዲያው ረጋ፤ ግግሩ ወፈረ። ባለቤቴ አካፋ ይዞ ሊያግዘው ቢጠጋ፣ «ተወው፣ መኪናውን አታውቀውም» ብሎ መለሰው። ከዚያ መጥረቢያ አነሳ። ሁለቴ ግግሩን መታ፣ በሦስተኛው የገዛ መኪናውን ጎን ተረከከው። የካምፑ ሰው ሁሉ ቡናውን እንደያዘ ቆሞ ያያል። እኔም አየሁ፤ ደስ ብሎኝ አየሁ፤ ምን እደብቃለሁ?

ማታ አግኔታና ቱቫ ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው እኛ ጋ መጡ። ጉልበት ለጉልበት ተጣብበን የአተር ሾርባ ጠጣን። ቱቫ የአባቷን የመጥረቢያ አያያዝ በማንኪያ እያስመሰለች ስታስቀን፣ አግኔታ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። እህቴን እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ቆይቻለሁ። በቃ ነቅታለች ብዬ አሰብኩ።

በነጋታው የካምፑ ባለቤት መኪናውን በትራክተር ጎትቶ አወጣለት። የአንዱ ጎማ መሸፈኛ ግን በረዶው ውስጥ ቀረ።

ለፋሲካ እናታችን ቤት ተሰበሰብን። ስቱሬ ገና ድንች እየላጠ የመኪናውን ወሬ ጀመረ።

«ቦታው ዘቅዛቃ ነበር። የካምፑ እጣቢ በሙሉ ወደኛ ነው የሚወርደው። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናውን እዚያው ጥሎት ነበር የሚመጣው። አይደል፣ አግኔታ?»

ቱቫ ወንበሯን ገፍታ ወጣች። እኔ እህቴን አየኋት። ሾርባችንን እየጠጣች የሳቀችው ሴት እስክትናገር ጠበቅኩ።

«አዎ» አለች፣ ከሄሪንግ ዓሣው እየጨመረችለት። «በጣም ዘቅዛቃ ነበር።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። እስከዚያ ዕለት ድረስ የናቅኩት እሱን ብቻ ነበር።