ቀኙ በጀሶ፣ ግራው በካውያ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ሁሉ እጁን ያደንቅለታል፤ ጭንቅላቱን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ስኳር በሽታው የእግሩን ስሜት ከወሰደበት ቆይቷል። ቀኝ እግሩ አብጦ፣ ቀልቶ እንደ ምድጃ ሲግል «ጫማው ጠቦኝ ነው» እያለ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ከረመ። ለካ አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ እየተሰባበረ ኖሯል። ሐኪሙ «ሻርኮት ይባላል» ቢለው፣ የፈረንጅ በሽታ ያዘኝ እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ተኩራራ።

ነርሷ እስከ ጉልበቱ በጀሶ አሰረችው። «ጋሼ፣ ከረገጡበት የእግርዎ ቅርጽ ይበላሻል፤ ከዚያ ይቆስላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርዎትም» አለችው። እኔ ነገርኩት፤ ይቆረጣል አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ ለኖረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በየሁለት ሳምንቱ ጀሶውን በመጋዝ ትከፍትና የሁለቱን እግሮች ሙቀት ታነጻጽራለች። የታመመው ከጤነኛው በሁለት ዲግሪ ከበለጠ፣ አጥንቱ ገና አልረጋም ማለት ነው፤ እንደገና ጀሶ። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ደንበኞቹ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሰፊ ተሻገሩ፤ እሱም በመስኮት የሰውን ሱሪ እያየ «ይሄም ስፌት ሆነና» ይላል።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን እያፏጨ ለበሰ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

ነርሷ ቀኙን ለካች፤ ግራውን ለካች፤ ደግማ ለካች።

«ግራው በአራት ዲግሪ በልጧል» አለች። «ጋሼ፣ በሽታው ወደ ግራም ሳይሄድ አልቀረም። ሁለቱንም ማሰር ሊኖርብን ነው።»

ባሌን ላብ አጠመቀው። «ኧረ ልጄ፣ ግራው ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጋለ?»

ጣሪያውን አየ፤ እኔን አየ። «ትንሽ ተኩሼው ነው።»

«ምን አደረጉት?»

«በካውያ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት። ጨርቅ ደርቤበታለሁ እኮ፤ ሐርም የሚተኮሰው እንደዚያ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። የታመመውን ማብረድ ቢያቅተው ጤነኛውን አሙቆት መጣ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። ግራ እግሩን አነሳችና ውስጥ እግሩን አየች። እንቁላል የሚያህል ውሃ ቋጥሯል። ዳር ዳሩን በጣቷ ተጫነችው።

«ያምዎታል?»

«ምኑ?» አለ።

ፈራሁ። እሱም ፈራ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ደህና እግር አለኝ ብሎ ነበር የሚኖረው። ቀኙን በአዲስ ጀሶ፣ ግራውን በፋሻ ተጠቅልሎ ወጣ።

እቤት እንደገባን የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠ። መርገጫውን ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍር ፈታና እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ደብቂው» አለኝ። «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

ካውያውንም ጨምሬ ወሰድኩበት። ጠፍሩን ጡቶቼ መሃል ሸጎጥኩት፤ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ እዚያ መፈለግ ከተወ ቆይቷል።