ሁለተኛው መደብ

«ይሄንንስ ለማን ብለህ ነው የተውከው?» አለች ታላቅ እህቱ፣ በሁለት እጇ ሁለት ወንበር አንጠልጥላ በረንዳው ላይ ቆማ።

ፖስተኛው ቀና አላለም። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰፈሩ ግን አሁንም ፖስተኛው ይለዋል። ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ ብሎ አረም ሲነቅል ወገቡ የሌላ ሰው ሆኗል። ሚስቱ ከተቀበረች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ከሰዓት በኋላ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ ለለቅሶ ይመጣሉ። ቤቱ ስለማይበቃ ግቢው ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ ግቢው ደግሞ እሷ ታማ ከተኛች ወዲህ ዳዋ ውጦታል። እህቱ በማለዳ መኮትኮቻ እጁ ላይ አስቀምጣ፣ «ሰው ጫካ ውስጥ አይቀመጥም» አለችው። ተነስቶ ወጣ። እምቢ ማለትም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።

«እሱ የሷ ነው» አለ።

«ምኑ ነው የሷ? አረም እኮ ነው። ደረትህ ደርሷል።»

«እታለም፣ አበባ ነው አልኩሽ። ራሷ ናት የዘራችው።»

«አበባው የታል ታዲያ?»

«ጊዜው አልደረሰ ይሆናላ።»

«ከአንተ ጋር መከራከር የተውኩት ድሮ ነው» አለችና ወንበሮቹን መደርደር ጀመረች።

እውነቷን ነው። ፖስተኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲያድል ያልተጨቃጨቀበት በር የለም። ከቁጥር አልባ ቤቶች ጋር፣ ከውሻ ባለቤቶች ጋር፣ ፊርማቸው ከማይነበብ ሰዎች ጋር። ማታ ደግሞ ጭቃ የጠጣ ጫማውን ደጃፉ ላይ እያወለቀ ከሚስቱ ጋር። ቀኑን ሙሉ አፈር የረገጠ ሰው ቤቱ ሲደርስ ሌላ አፈር ሊጠብቀው አይገባም፣ ግቢው ሲሚንቶ ይለበጥ የሚል ነበር ክርክሩ። ሚስቱ የስፌት አስተማሪ ነበረች። ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ፣ «ልክ ነህ» ትለዋለች። በማግስቱ አንድ መደብ ጨምራ ቆፍራ ያገኛታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከመኝታ ቤቱ መስኮት እስከ ውጭው በር አምስት መደብ ሞላ። ክርክር ለሚወድ ሰው እንደዚህ ያለ ሽንፈት የለም፤ የተሸነፈው ሙግት ሳይገጥሙት ነው።

ከመስኮቱ ውስጥ የሁለት ለቀስተኞች ሹክሹክታ ተሰማው።

«እንባ እንኳ ጠብ አላለውም።»

«ድንጋይ ነው ባክሽ።»

ሊያጽናኑ የሚመጡ ሰዎች ሐዘንን እንደ ፈተና ወረቀት ያርማሉ፤ እንባ የሌለበትን ዜሮ ይሰጡታል። እሱ ግን አልተቆጣም። በሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮቱ ሥር ቆሞ ልክ ልካቸውን በነገራቸው ነበር። አራት ቀን ሙሉ መላ አካሉ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ሆኗል፤ ቢነኩት የሚሰማው ለሌላ ሰው ነው።

ሚስቱ ስትታመም አልጋዋ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። በእግሯ መቆም በቻለችበት የመጨረሻ ሳምንት ግቢ ወጥታ አንድ ነገር ዘራች። ከዚያ ልትነሳ አልቻለችም። «ሁለተኛውን መደብ ብቻ አጠጣልኝ» አለችው፤ «ሌላው ቢቀርም ይቅር።» በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ግቢው ለምናው አታውቅም። እያጉረመረመ የውሃ ማጠጫውን አነሳ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ተኩል፣ አፉን ሳይሽር፣ አንድ ቀን አላጓደለም። ሱሪው በስብሶ ሲመለስ በመስኮቱ ፈገግ ብላ ታየዋለች። «ጎበዝ» ትለዋለች እንደ ሕፃን። እሱም፣ «አትቀልጂብኝ» ይላል። ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ሲመነምን፣ ክንዷ፣ ድምጿ፣ የምትበላው፣ ያ መደብ ብቻ ይወፍር ነበር።

ጎረቤታቸው ነርሷ፣ ማታ ማታ መርፌ ስትወጋት የከረመችው፣ ብርጭቆ የሞላ ሰፌድ ይዛ ገባች።

«መጣሽልኝ» አለች እህቱ። «እስቲ ንገሪው፣ ይሄ አበባ ነው?»

ነርሷ ሰፌዱን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ተክሉን አየች፣ ከዚያ ሰውየውን።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው መደብ ያኛው ነው» አለች ወደ መስኮቱ በኩል እያመለከተች።

«ያማ አራተኛው ነው። ቁጥር የሚጀምረው ከመንገድ ነው።»

«እሷ ከመስኮቱ ነበር የምትቆጥረው።»

ፖስተኛው ዞሮ አየ። በሠላሳ ዓመት አንድም ቤት ከጓዳ ተነስቶ ሲቆጠር አላጋጠመውም። ነርሷ ያመለከተችውን መደብ በጠዋት ያጸዳው እሱ ራሱ ነው። ስንጥር የሚያካክሉ የደረቁ ግንዶች በረድፍ ቆመውበት ነበር። ሳያያቸው ነቅሎ ክምሩ ላይ ወርውሯቸዋል።

«እሷ ታውቅ ነበር?» አለ።

«ከመጀመሪያው ቀን። ልነግርዎት ስነሳ እጄን ያዘችኝ። ‹ተይው› አለችኝ፣ ‹ብትነግሪው ሳምንት ሙሉ ሲከራከር ይከርምና ማጠጫውን ጥሎት ይቀመጣል። አበባውን ብዙ ዓመት አይቼዋለሁ። እሱን ነው ግቢ ውስጥ አይቼው የማላውቀው።›»

እህቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጇ ያዘች። ወዲያው ድምጿን ለዘብ አድርጋ፣ «በል እንግዲህ ንቀለው ወንድሜ» አለች። «ሰዎቹ መድረሳቸው ነው።»

ጎንበስ ብሎ አውራ ጣት የሚያክለውን ግንድ በሁለት እጁ ጨበጠ። አፈሩ ከሥሩ ላላ። ሁለት ወር ተኩል ውሃ የጠጣ አፈር ነው፤ አንድ ጊዜ ቢስብ ይወጣል። ጨብጦ ቆየ። ለወትሮው ለማንኛውም ነገር ሦስት ምክንያት አያጣም ነበር፤ አሁን አንድም አልመጣለትም። ለቀቀው። በእግሩ አፈሩን መልሶ ጠቀጠቀው።

«ይቆይ» አለ።

«ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

በዕድሜው እንዲህ አጭር ክርክር ገጥሞ አያውቅም።

ባልደረቦቹ መጡ። የቀድሞው አለቃው ከአረሙ አጠገብ ያለው ወንበር ደረሰው። ሞት የማይቀር ዕዳ እንደሆነ፣ እሷም ከስቃይ እንዳረፈች፣ ጊዜ ሁሉን እንደሚያሽር ተናገረ። ሻይ ቀርቦለት ዙሪያውን ሲመለከት፣ «የምን ተክል ነው ይሄ?» አለ።

«አረም ነው።»

አለቃው ጨዋታ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። ወሬውን ቀጠለ፤ ሥራ የፈታው እጁም አንዲት ቅርንጫፍ ቀንጥሶ በጣቶቹ መሃል ያሻት ጀመር። ፖስተኛው አያት። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ከሰውየው ጣቶች መሃል ወሰዳት። አለቃው ወሬውን ሳያቋርጥ ለቀቀለት።

የውጭው በር ተንኳኳ፤ ሌሎች ለቀስተኞች ገቡ። ቅርንጫፏን የት እንደሚያኖራት ጨነቀው። ቀኝ እጁን በላይዋ ላይ ጨብጦ ተነሳና ለቀስተኞቹን አንድ በአንድ በግራ እጁ ተቀበላቸው።