በቫኒላው ዕቃ ውስጥ

በአይቱታኪ ደሴት ባዶ የአይስክሬም ዕቃ የሚጥል ሰው የለም። የተረፈ ጎደሬ፣ የተረፈ ዓሣ፣ የአያት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር ይገባበታል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የሚያምን እንግዳ ብቻ ነው። ሜሬአና ይህን እያወቀች ነው እሁድ ጠዋት ያንን ነገር በቫኒላው ዕቃ ደብቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከተተችው።

ጣጣው የጀመረው በገና ነው። ቤተሰቡ በሙሉ የተበላሸ ዓሣ በልቶ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሰነበተ። ሌሎቹ ዳኑ። የሜሬአና ሆድ ግን ቂመኛ ነው፤ ወራት አልፈውም ይቆርጣታል፣ ይነፋታል፣ በድንገት ያስሮጣታል። ሜሬአና ለውድድር የሚዘጋጅ የታንኳ ቡድን መሪ ናት፤ ታንኳ ላይ ደግሞ ወዴት ይሮጣል? አምስት ልጆች ከፊት ይቀዝፋሉ፣ እሷ ከኋላ ሆና ትመራለች፣ ዙሪያው ውሃ ነው። ስለዚህ ሆዷ በከፋ ቁጥር ከልምምድ ትቀራለች። "የቤት ሥራ በዝቶብኝ" ትላለች። የቤት ሥራ ሠርታ የማታውቅ ልጅ!

አሠልጣኙ ፓፓ ንጋቶኮ ታግሰው ታግሰው ቅዳሜ ዕለት ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ስሚ፣ እስከ ነገ እውነተኛውን ምክንያት ካልነገርሽኝ የመሪነቱን ቦታ ከፊትሽ ለምትቀዝፈው ለቱሪ እሰጣለሁ።"

ቦታዋን ከምታጣ ብትሞት ይሻላታል። ስለ ሆዷ ከምታወራ ደግሞ ሁለቴ ብትሞት።

ሕመሟን የምታውቀው የክሊኒኩ ነርስ ቴሬሞአና ብቻ ነበረች። ትንሽ ባለክዳን ብልቃጥ ሰጥታ፣ "ሰገራሽን ሰኞ ጠዋት አምጪልኝ፤ እስከዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። አንጀትሽ ክፉኛ ተቆጥቶ እንደሆነ ይታይበታል" ብላታለች።

እሁድ ከጸሎት በኋላ መንደሩ አዳራሽ ውስጥ ማዕድ ዘረጋ። አክስቷ ማማ ቫይኔ፣ ያቺ ባለትልቅ ባርኔጣ፣ ያመጣችውን ስትደረድር ሜሬአና አየች። ቫኒላ። የሷው ዕቃ ነው።

"ማማ! ያንን ከየት አመጣሽው?"

"ከማቀዝቀዣ ነዋ። የኮኮናት ክሬሙ አይደል እንዴ?"

ፓፓ ንጋቶኮ ምግብ ሲያዩ አያስችላቸውም፤ ክዳኑን ከፍተዋል። ብልቃጡን አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት።

"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ማባያ ነው?"

ከዚያ ገባቸው። አዳራሹም ገባው። የሚያላምጠው ሁሉ ማላመጡን አቆመ።

ማማ ቫይኔ የሜሬአናን ፊት አንዴ አየችና ዘላ ተነሣች። "የኔ ነው! ለምርመራ ነው! ምን ያፈጣሉ፣ እርስዎ ሽንት ቤት አይሄዱም እንዴ?"

ባርኔጣዋ ትንሽ ሲዘም የማትወድ ሴት፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት ይህን ጉድ በራሷ ላይ ጫነች። ሜሬአና አልቻለችም።

"የሷ አይደለም፣ ፓፓ። የኔ ነው። ከልምምድ የሚያስቀረኝም እሱ ነው።"

ፓፓ ንጋቶኮ ብልቃጡን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው መለሱት።

"ሆድሽ ነው? እኔ ደግሞ የወንድ ጓደኛ ይዛ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ!"

ቱሪ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። እዚያው ወለሉ ላይ ሆና ግን፣ "ቦታሽን አልፈልግም። ካንቺ ሆድ ይልቅ ያንን የመሪ መቅዘፊያሽን ነው የምፈራው" አለች። ፓፓም ፈረዱ፦ ከእንግዲህ ልምምዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽንት ቤት ፊት ለፊት ካለው ዳርቻ አይርቅም።

ብልቃጡ ለምርመራ ኒውዚላንድ ተልኮ ኖሮ ውጤቱ መጣ።

"ክፉ የአንጀት ቁስለት የለብሽም" አለች ነርሷ።

"ታዲያ እያስመሰልኩ ነው?"

"ማን አለሽ? የገናው ሕመም አንዳንዱ ሰው አንጀት ውስጥ ይህ ምርመራ የማያሳየው ትንሽ ብግነት ትቶ ይሄዳል። እሱ ነርቮቹን ሲነካካ፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጋዝ ላንቺ ጩቤ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ይበርዳል። ሽንኩርት ቀንሺ፣ ተኚ፣ ደግሞ አትጨነቂ። ጭንቀት ያባብሰዋል።"

ጭንቀቱማ ከቫኒላው ዕቃ ጋር ወጥቷል። መንደር ሁሉ ያወቀውን ማን ይደብቃል?

የውድድሩ ዕለት ታንኳዎቹ ተሰልፈው ጥሩንባ ሲጠብቁ የሜሬአና ሆድ ጉርርርር አለ። ከፊቷ የተቀመጠችው ቱሪ ዞር አለች።

"ነጎድጓድ ነው ወይስ አንጀትሽ?"

"አንጀቴ ነው" አለች ሜሬአና መቅዘፊያዋን ውሃ ውስጥ እየከተተች። "ዝም ብለሽ ቅዘፊ!"